ወደ ወጨጫ ለምትወጣው ልጄ

ልጄ፣ በመጪው ቅዳሜ ከጓደኞችህ ጋር ወጨጫ ተራራ ላይ ወዳለው ሱባ ደን ልትወጣ መሆንህን እናትህ ነገረችኝ። ደስ አለኝ። አዲስ አበባ ተወልደህ አድገህ፣ በምዕራብ በኩል ቀና ባልክ ቁጥር የምታየውን የወጨጫን ተራራ እስከ ዛሬ አለመርገጥህ ይቆጨኝ ነበር። ከሃያ ዓመት በላይ ባዮሎጂ ሳስተምር በየዓመቱ ተማሪዎቼን ይዤ እዚያ ወጥቻለሁ፤ መንገዱን እግሬ ያውቀዋል። አንተ ልብህ ደግ ነው፤ የሚጎድልህ ጥንቃቄ ነው። ቁልፍህን የት እንዳስቀመጥክ እናትህን የምትጠይቅ ልጅ ነህ። ደን ውስጥ ደግሞ የሚጠየቅ እናት የለም። ስለዚህ ጉልበቴ ደክሞ አብሬህ ባልወጣም፣ ይህችን ምክር ይዘህ ውጣ።

1. የምትሄድበትን ቦታ ከመሄድህ በፊት እወቀው። በ15ኛው መቶ ዘመን ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ተራራው ተራቁቶ አይተው፣ ከሰሜን ሸዋ ከወፍ ዋሻ የጥድ ዘር አስመጥተው አስተከሉት እየተባለ ሲነገር ነው ያደግነው። ከእነዚያ ጥዶች መካከል ከ400 ዓመት በላይ ሳይሆናቸው አይቀርም የሚባሉ አሁንም ቆመዋል። በዐፄ ምኒልክ ጊዜ አዲስ አበባ ስትቆረቆር የሰዉም የቤቱም የማገዶውም ፍላጎት ባንድ ጊዜ መጣ። የእንጦጦ ጥድ ተመናመነ፤ የአካባቢው ዛፍ አለቀ፤ እንጨት ከመጥፋቱ የተነሳ ዋና ከተማው ወደ አዲስ ዓለም ሊዛወር ታስቦ ነበር። ከተማዋን ባለችበት ያቆያት በቶሎ የሚያድገው ባሕር ዛፍ ነው። እስቲ አስበው፤ በዚያ ሁሉ የማገዶ ረሃብ መካከል፣ ከከተማዋ የአንድ ቀን መንገድ እንኳ በማይሞላ ቦታ ላይ ያን የመሰለ ጥድ እንዴት ተረፈ? ዘብ ስለቆመለት ነው። የሚተክል ተከለ፤ ከዚያ በኋላ የመጣው ትውልድ ደግሞ መጥረቢያ በእጁ እያለ ተወው። የሁለተኛው ሥራ ከመጀመሪያው ይከብዳል። ልጄ፣ ከዚህ በታች የምነግርህ ሁሉ ከዚህ ሁለተኛው ሥራ የሚመዘዝ ነው፤ አንተ ዛፍ ልትተክል አልሄድክም፣ እንደነበረ ልትተወው ነው የምትሄደው።

2. መንገዱን በስሙ ብቻ አትፈልገው። ደኑ መናገሻ ሱባ ስለሚባል ብዙ ሰው በአምቦ መንገድ ወጥቶ መናገሻ ከተማ ይደርስና ደኑን ይጠይቃል። ሱባ የምትገባው ግን በጅማ መንገድ፣ በሰበታ በኩል ነው። ከሰበታ ወደ ቀኝ ታጥፈህ ስትገባ አስፋልቱ ያልቅና ኮረኮንች ይጀምራል። ዝናብ የመታው ኮረኮንች ዝቅ ያለች የቤት መኪና አይወድም፤ ጓደኛህ አዲስ መኪናዬን ይዤ ካልመጣሁ ብሎ ቢወተውት እሺ እንዳትለው። ከመነሳትህ በፊት ባለው ቀን ደግሞ የአካባቢውን ሰላም ወደ ሰበታ ደውለህ ጠይቅ። መጠየቅ ፍርሃት አይደለም፤ እኛ ድሮም መንገድ ስንወጣ ከወዲያ የመጣውን መንገደኛ ሳንጠይቅ አናልፍም ነበር።

3. በሩ ላይ ክፈል፤ ደረሰኝ ተቀበል፤ አስጎብኚ ያዝ። ደኑን የሚያስተዳድረው የኦሮሚያ ደንና ዱር እንስሳት ድርጅት ነው፤ የምትከፍለው ገንዘብ ትንሽ ነው። ጥበቃውን በመቶ ብር አባብለህ በጓሮ መግባት ይቻላል የሚል ጓደኛ ካለህ፣ እሱ መንገድ ላይ ይቅር። ስለ አስጎብኚው ግን ከራሴ የደረሰውን ልንገርህ። አንድ ዓመት፣ ይህን መንገድ ስንቴ ተመላልሼበት ብዬ፣ ሰላሳ ስድስት ተማሪ ይዤ ያለ አስጎብኚ ወጣሁ። አምስት ሰዓት ላይ ከላይ ጭጋግ ወረደ። ጭጋግ ስልህ የከተማውን አታስብ፤ የዘረጋኸውን እጅህን ጫፍ የማታይበት ነው። መንታ መንገድ ላይ ወደ ግራ መታጠፍ ሲገባኝ ቀጥ ብዬ ሄድኩ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ዞርን። አንዲት ልጅ ማልቀስ ጀመረች፤ ሌሎቹ እኔን አዩኝ፤ እኔ የማየው አልነበረኝም። በኋላ አንድ የደን ጠባቂ ድምፃችንን ሰምቶ መጥቶ አወጣን። ምንም አልተናገረኝም፤ ከፊት ከፊት እየሄደ ልጆቹን ቆጠራቸው። እኔ መቁጠር ነበረብኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ያለ አስጎብኚ አልወጣሁም፤ አንተም አትውጣ። አስጎብኚው መንገድ ከማሳየቱ በላይ፣ አንተ ቅጠል ብቻ በምታይበት ቦታ እሱ ድኩላ ያያል።

4. ለሁለት አየር ልበስ። መሐል አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ የወጨጫ ጫፍ ደግሞ 3,385 ሜትር ነው። በየ100 ሜትሩ ከግማሽ ዲግሪ በላይ ስለሚቀዘቅዝ፣ ጫፍ ላይ የሚጠብቅህ አየር ከቤትህ ደጃፍ ስድስት ዲግሪ ያህል ይበርዳል፤ ነፋሱ ሲጨመርበት ሌላ ነው። ሹራብና የዝናብ ልብስ ያዝ፤ ነጠላ ጫማና አዲስ ስኒከር ተዋቸው፤ ረዥም ሱሪ ልበስ፣ ሳማውና ቀጋው ለባዶ እግር አያዝኑም። ጉንዳን በተሰለፈበት ቆመህ ፎቶ አትነሳ። የአጎትህ ልጅ ከጅዳ ከመጣች ገና ሳምንቷ ነው ብላችሁኛል፤ ከባሕር ጠርዝ የመጣ ሰው ከፍታውን እስኪለምደው ያዞረዋል፣ ራሱን ያመዋል። ይዘሃት ውጣ፣ ግን በእሷ እርምጃ ሂድ፤ ውኃ እያጠጣሃት፤ ካመማት ሳትከራከር አብረሃት ውረድ። ተራራው የትም አይሄድም።

5. እሳት አታንድድ። ይህን ብቻውን ብትይዝልኝ ሌላውን ብትረሳው እምርሃለሁ። ከጥቅምት እስከ የካቲት ድረስ ደኑ ከላይ አረንጓዴ መስሎ ከሥሩ ደረቅ ማገዶ ነው። የጥድ ቅርፊት በቁመቱ እየተላጠ እንደ ገመድ ይንጠለጠላል፤ ጣትህ መሐል ስታሸው ይፈረካከሳል፤ ክብሪት የነካው ዕለት ነበልባሉ በግንዱ ላይ ሮጦ ጫፍ ይደርሳል። ከዚያ በላይ ያለው አስታ ደግሞ እርጥቡም ይነዳል። ከሁሉ የሚያስፈራኝ ግን ነበልባሉ አይደለም፤ እሱ ይታያል። መሬቱን የሸፈነው ለብዙ ዘመን የተከማቸ ብስባሽ ቅጠል ነው፤ ክንድህን ብትሰድበት ይገባል። ፍም ከወደቀበት ጭስ ሳያሳይ ከውስጥ ለውስጥ ቀናት ይሄዳል፤ አንተ ሰኞ ሥራ ገብተህ፣ እሱ ረቡዕ በሌላ ቦታ ብቅ ይላል። ሰዎች «አፈር አልብሰነዋል፣ ጠፍቷል» ያሉት እሳት በሦስተኛው ቀን ዛፍ ሲበላ አይቻለሁ።

ስለዚህ ከሰል ይዘን ሥጋ እንጥበስ፣ ቡና እናፍላ ለሚሉ ጓደኞችህ መልስህ አንድ ይሁን። ቡናው በፔርሙስ ይምጣ። ጥብሱ ሰበታ ይበላል። የሚያጨስ ሰው ካለ፣ ከመኪናው ሳይርቅ አጭሶ ቁራጩን በጠርሙስ ውኃ ውስጥ ከቶ ይምጣ። ዕጣን የለመደች ጓደኛ ብትኖር እንኳ ለዚያ ቀን ትተወው፤ ያ ደን ራሱ ሽታ አለው፣ ጠዋት ጥዱ ላይ ፀሐይ ሲያርፍ ታውቀዋለህ።

6. ቅርንጫፍ አትቁረጥ፤ ስምህን ዛፍ ላይ አትጻፍ። ባሕር ዛፍ ስታየው አድገሃልና ዛፍ ሁሉ ቢቆረጥ ከጉቶው የሚያቆጠቁጥ ይመስልሃል። ጥድ እንደዚያ አይደለም። የተቆረጠ ጥድ ጉቶው ደርቆ ይቀራል፤ የሚተካው ወፍ ፍሬውን በልታ ዘሩን ሌላ ቦታ ስትጥለው፣ ያ ዘር ከብት ሳይረግጠው፣ ድርቅ ሳያገኘው ሲበቅል ብቻ ነው። ለአንድ ዛፍ የሰው ዕድሜ አይበቃውም። በገና ሰሞን ለማስዋቢያ ጥድ ቆርጠው በመኪና ጭነው የሚመለሱ አያለሁ፤ ሦስት ሳምንት ጥጥና መብራት ተንጠልጥሎበት ከዚያ ቆሻሻ መጣያ ይገባል። የቢላዋውንም ነገር አስብ። ዛፍ ምግቡን የሚያመላልሰው ከቅርፊቱ ሥር ባለች ስስ ሽፋን ነው። አንድ ሰው አንድ ልብ ቀርጾ ሁለት ስም ቢጽፍ ቁስሉ ይሽር ይሆናል፤ ግን አንተ የቀረጽክበት ዛፍ ሌላውንም ይጠራል፤ ዙሪያውን በስም የተከበበ ዛፍ በረሃብ ይደርቃል። አንድ ዓመት ከተማሪዎቼ አንዱ፣ ጎበዝ ልጅ ነበር፣ ስሙን ዝግባ ላይ ቀርጾ አገኘሁት። ብቆጣው ኖሮ ይረሳው ነበር። በየዓመቱ አብሮኝ እየወጣ ቁስሉን እንዲያይ አደረግኩ። በሦስተኛው ዓመት ፊደሎቹ ሰፍተው፣ ሙጫ አልቅሰው ነበር፤ ልጁ ዓይኑን ከዚያ አንስቶ መሬት ላይ ጣለ።

የመድኃኒት ነገርም አለ። ከፍ ስትል ኮሶ ታገኛለህ፤ ቀላ ያለ ቅርፊቱ የሚላጥ፣ አበባው እንደ ወይን ዘለላ የሚንዠረገግ ትልቅ ዛፍ ነው። አያቶቻችን ሥጋ ሲበሉ ኖረው ለኮሶ ትል በየሁለት ወሩ ይጠጡ የነበረው እሱን ነው። አንድ ሰው ለአያቴ እወስድላታለሁ ብሎ ሊሸመጥጥ ቢነሳ ከልክለው። መጠኑን ሳያውቅ የጠጣው ሰው ዓይኑ ሊጎዳ ይችላል፤ ሕይወቱን ያጣም አለ። ዛሬ ክኒን በየፋርማሲው ሞልቷል። የወይራውንም እንጨት ለጠላ ጋን ማጠኛ ብለህ አትንካው፤ እሱን ከገበያ ግዛ።

7. ጉሬዛን አትመግብ። ጥቁር አካሉ ላይ ነጭ ካባ የደረበውን ዝንጀሮ መሳይ፣ ከጥድ ወደ ጥድ ሲወረወር ካባው እንደ ጋቢ ሲዘረጋ ስታይ ልብህ ይሞላል፤ ምንጣፍና ጌጥ ለማድረግ ቆዳው ሲገፈፍ ኖሮ ለዚህ መድረሱም ተአምር ነው። ከመጠጋት ተቆጠብ። አውራ ጣት የሌለው እንስሳ መሆኑን ልብ በል፤ ቅርንጫፍ የሚይዘው በአራቱ ጣቶቹ እንደ መንጠቆ ነው። ሆዱ ደግሞ እንደ ላም ሆድ የተከፋፈለ ነው፤ ቅጠል እያብላላ ይኖራል። ዳቦና ብስኩት ሲገባበት ያን ያስቦካል፣ ይነፋዋል። ደግ ነገር ያደረግክለት መስሎህ ታሳምመዋለህ። ጦጣው ደግሞ ሌላ ጉዳይ አለው፤ እሱ አንዴ የሙዝ ጣዕም ከያዘ ቦርሳ መቀማት ይማራል፤ ከዚያ ወዲያ ተጎጂው ከአንተ በኋላ የሚመጣው ሕፃን ነው። ውሻህንም ቤት አስቀምጠው። የምኒልክ ድኩላ የሚባለው ጥቁር መሳይ ድኩላ የሚገኘው በእኛ ደጋ ብቻ ነው፤ እሱን ያባረረች ውሻ ያሳደደችው ከሌላ አገር የማይመጣ ነገር ነው።

8. ስፒከር አትያዝ። ምክንያቱን እዚያ ስትደርስ ዝም ብለህ አሥር ደቂቃ ብትቀመጥ ራስህ ታገኘዋለህ።

9. ይዘህ የገባኸውን ሁሉ ይዘህ ውጣ። ሃይላንዱን፣ ፌስታሉን፣ የብርቱካን ልጣጩን ጭምር። የብርቱካን ልጣጭ መሬት ይበላዋል ትለኛለህ፤ እዚያ ከፍታ ላይ ብርዱ መበስበስን ያዘገየዋል፣ ከዚያ በፊት ደግሞ ጦጣው ያነሳዋል። ጫት የሚቅሙ ጓደኞች እንዳሉህ አውቃለሁ፤ ገራባውን እዚያ ጥለው የሚመለሱ ሰዎች የተቀመጡበትን ቦታ ከአንድ ወር በኋላ ሳይቀር አውቀዋለሁ። ሁሉም ሰው አንድ ባዶ ከረጢት ይያዝ፤ አንተ ሁለት ያዝ፣ ሌላው የጣለውን ታነሳበታለህ። መጸዳጃ ከፈለግክ በሩ አካባቢ ሳለህ ጨርስ፤ ግድ ከሆነ ከምንጭና ከመንገድ ርቀህ፣ ቆፍረህ፣ ቀብረህ፣ ሶፍቱን ግን በከረጢትህ አውጣው።

ምንጭ ዳር ሳሙና እንዳታወጣ። ከወጨጫ የሚወርደው ጅረት ሁሉ ወደ አዋሽ ነው የሚሄደው፤ ከታች ሰው ይጠጣዋል፣ ከብት ይጠጣዋል፣ የሰበታ ገበሬ ጎመኑን ያጠጣበታል፤ አዋሽ ደግሞ ቆቃን አልፎ አፋር በረሃ ውስጥ ሳይደርስ አይቆምም፤ ባሕር እንኳ አይገባም፤ የያዘውን ሁሉ ይዞ እዚያው አገራችን ውስጥ ይቀራል።

10. የአካባቢውን ሰው አክብር። ወጨጫ ዙሪያ የሚኖረው ኦሮሞ ገበሬ ነው፤ ደኑ ለአንተ የቅዳሜ መዝናኛ ነው፣ ለእሱ ግን ጓሮው ነው። ትልቅ ሰው ስታገኝ ቆም በልና «አካም ጅርቱ» በል፤ ሲረዳህ «ገለቶማ» በል። ሁለት ቃል ናቸው፤ ግን ስንት ፊት ሲፈታ አይቻለሁ! እንጨት ተሸክማ የምትወርድ ሴት ካየህ መንገድ ልቀቅላት፤ ካሜራህን አታንሳባት። ደኑን የምታወድመው እሷ ናት ብለህ ከመፍረድህ በፊት፣ የተሸከመችው እንጨት የሚነደው የት እንደሆነ ጠይቅ፤ ብዙው የሚነደው እኔና አንተ በምንኖርበት ከተማ ነው። አስፋልቱ ዳር ድንች፣ ማር፣ ወተት የሚሸጥ ገበሬ ካገኘህ ግዛ፤ ዋጋ አትከራከር። የምትከራከርበት ልዩነት ከተማ ውስጥ ለአንድ ማኪያቶ የምትከፍለው ነው። ደኑ ቆሞ እንግዳ ሲመጣ እሱም ተጠቃሚ ከሆነ፣ ከዘብ ይልቅ ጥሩ ጠባቂ ይሆናል።

11. ወደ ላይ የምትሄድበትን ሰዓት ሳይሆን የምትዞርበትን ሰዓት ቁረጥ። ጠዋት በ12 ሰዓት ከቤት ውጣ። ጫፍ ደረስክም አልደረስክም ሰባት ሰዓት ላይ ዙር። ትንሽ ነው የቀረን የሚል ይኖራል፤ ሁልጊዜ ይኖራል። ከቀትር በኋላ ደመና ይሰበሰባል፤ ነጎድጓድ ከሰማህ ከሜዳውና ከጫፉ ውረድ፤ ብቻውን በቆመ ዛፍ ሥር አትጠለል። መውረድ ጉልበት የማይጠይቅ ይመስልሃል፤ ልጅ የሚወድቀው ግን ሲወርድ ነው፣ ደክሞት፣ እያወራ፣ ስልኩን እያየ። ስልክ ደግሞ በብዙው ቦታ ኔትወርክ አይይዝም። ስለዚህ በየት በኩል እንደምትወጣና በስንት ሰዓት እንደምትመለስ ለእናትህ ጽፈህ ስጣት። አሥር ሰዓት ላይ ደኑን ለቃችሁ መኪና ውስጥ ሁኑ።

12. ይህን ሁሉ ካልኩህ በኋላ ደግሞ አንድ መልእክት አለኝ። ከሱባ ጣቢያ ተነስተህ ወደ ላይ የሚሄደውን መንገድ ስትጀምር፣ ብዙም ሳትርቅ ትልልቅ ዝግባዎች ታገኛለህ። አንዱን መርጬ፣ በየዓመቱ አዲስ ክፍል ይዤ ስወጣ ያንኑ ዛፍ ልጆቹ እጅ ለእጅ ተያይዘው ያቅፉት ነበር። የመጀመሪያው ዓመት አራት ልጆች ሲያቅፉት የሁለቱ ልጆች ጣት ጫፍ ለጫፍ ይነካካ ነበር። መጨረሻ በወጣሁበት ዓመት በዚያው ቁመት የነበሩ አራት ልጆች አልበቁትም፤ አንድ መዳፍ ጎደለ። አስጎብኚውን የመምህሩ ዝግባ የቱ ነው ብለህ ጠይቀው፤ ያውቀዋል ብዬ አስባለሁ። እናንተ ትልልቅ ሰዎች ናችሁና በሦስት ሞክሩት። ቅርፊቱን ሳትጫኑ፣ ቀስ ብላችሁ። ከዚያ ማታ ቤት ስትደርስ ደውልልኝና ስንት መዳፍ እንደጎደላችሁ ንገረኝ፤ ደብተሬ ላይ ቦታ ትቼለታለሁ።